መንገዱ የታጠፈበት

ከቱላ ሲመጡ፣ ገበያውን አልፎ፣
ቀጥ ብሎ የመጣው አስፋልት ወገቡን አጥፎ
ለአንድ ዋርካ ሲል በጎን ይዞራል፤
ባጃጅ ነጂ ሁሉ እዚያ ጋ ይማረራል፦
«ምን የጠጣ ሰው ነው ይህን የነደፈው?»
ከኋላ ወንበር ላይ ዝም ብዬ የማልፈው

እኔ ነኝ፤ የሜትሩን ጫፍ ይዤ የቆምኩት፣
በዚያ ዝናባም ቀን ቁጥሩን የጮህኩት።
አሥራ ሰባት ሜትር፣ ከግንዱ እስከ ካስማ።
«ድገመው» አለችኝ፣ አንዴ እንዳልተሰማ።
ደገምኩት። ጻፈችው በዚያች በአጭር እርሳስ፣
ላጲሷ ያለቀ፣ በብዙ መደምሰስ።

አርክቴክት ዳንጊሴ። ጓደኞቿ ሁሉ
ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የመስታወት ሆቴል ሲተክሉ፣
እሷ በከተማው ካርታ ላይ ጎንበስ ብላ፣
የጨለለቃን ረግረግ፣ የእንሰቱን ጥላ
ነጩን እንዳለ ትታ፣ ጥጉ ላይ በደቃቅ
«እዚህ ምንም አይሠራ» ትላለች፤
ያ ነው የእሷ ረቂቅ።

በስብሰባው ሳቁ። አንዱ ደብተሩን ዘግቶ፦
«እኅታችን ደመወዝ የምትበላው ላለመሥራት ነው?» አለ፣
አዳራሹ አጨበጨበለት።
ውኃዋን ጠጣች። ብርጭቆውን አስቀመጠች።
«ቀዳዳ የሌለው ወንፊት ምን ሊነፋ?»
ይህ ንግግሯ ከቃለ ጉባኤው ላይ ጠፋ።

መኪና አይሰጡንም፤ በጎመን ጫኝ አይሱዙ
ሽቅብ ወደ ሁላ፣ በጉም ውስጥ መጓዙ፣
የቀርከሃ ቤት ልንለካ፣ እንደ ቅርጫት የተሸመነ፣
ሚስማር ያልነካው፣ በእጅ ብቻ የታመነ።
መቶ አሥራ አራት ቤት በአራት ክረምት ለካን፤
ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀን።

አንድ ቀን አቶ ሀንካርሶ፣ ባለቤቱ፣
በትሩን ተደግፎ ቆሞ ከበረቱ፦
«ልጄ፣ ቤቴን ሣልሽው፣ አመሰገንሽው፣ ደግ፤
ሌሊት ጣራው ሲያፈስ ማነው የሚታደግ?
ውበቱ ለአንቺ ነው፣ ምስጡ ግን ለእኔ፤
ቆርቆሮ አምጪልኝ፣ ይድረቅልኝ ጎኔ።»

ዳንጊሴ ያን ማታ አንዲት ቃል አልወጣት፤
ጎመኑ መሐል ቁጭ ብላ፣ ካፊያ እየመታት።
ከዚያ ወዲያ የነደፈችው ሁሉ ሌላ ነበር፤
ከውስጥ ያው ቀርከሃ፣ ከላይ ስስ ቆርቆሮ፣ መሐሉ አየር።
ለሀንካርሶ ሠራንለት። ጎረቤት መጥቶ አየ፤
ሦስቱ «ለእኛም» አሉ፣
አራተኛው አፍርሶ ብሎኬት ደረደረ።

እሷ ራሷ? ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ በኪራይ፣
ውኃ በሳምንት ሁለቴ፣ እሱም ሲገኝ ከላይ።
በረንዳዋ ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ሁሌ በሰባት ሰዓት፣
እንደ ማዘጋጃ ቤት ሹም ቆሞ እየገመገማት።

ለዋርካው አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈች።
ሥሩ ስለሚቀመጠው ሶንጎ፣ ስለ ዳኝነቱ፣
ስለ ወፎቹም ጭምር፤
መልስ የለም።
አሥራ ሁለተኛው ሂሳብ ነበር፦
ግንዱን መንቀል፣ ጉድጓዱን መሙላት፣ ረግረጉን በድንጋይ ማነጠፍ፣
በአርባ ሺህ ብር ይበልጣል ከመታጠፍ።
በማግስቱ ተፈረመ።
«ስለ ወፎቹ ባልጻፍኩ ኖሮ
ከዓመት በፊት ያልቅ ነበር» አለች፣ እየሳቀች።
ሳቋ ግን አላማረኝም።

ባለፈው ሚያዝያ አረፈች። ከቀብሯ ስመለስ
ከነጩ ግማሹ ላይ ብረት ቆሟል፣ አሸዋ ይፈስሳል፤
ወረቀቷ የት መሥሪያ ቤት፣ የትኛው ሣጥን እንዳለ
ማን ያውቃል።

ዛሬም ከቱላ ስመጣ ነጂው ይራገማል፣
መሪውን ይጠመዝዛል፤
ሴትዮዋ ከነዘንቢሏ፣ ተማሪው፣ እኔም
አንድ ላይ ወደ ዋርካው እናዘነብላለን።
አሥራ ሰባት ሜትር፣ እላለሁ በልቤ።
«ድገመው» የሚለኝ የለም።
እደግመዋለሁ።